ደገኛ በባሕር ዳርቻ

እኛ የደጋ ሰዎች ስለ ባሕር ያለን ዕውቀት ከሁለት ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከፊልም። በመጽሐፍ ቅዱስ ባሕር ይከፈላል፣ ፈርዖንን ከነሠራዊቱ ይውጣል፣ ዮናስን ለዓሣ አሳልፎ ይሰጣል። በፊልም ደግሞ ሻርክ አለበት። ይህን ሁሉ ሲሰማ ያደገ፣ ዋና ሊማር ሶደሬ ወርዶ ወገቡ እስኪርስ ቆሞ የተመለሰ ሰው በጎልማሳነቱ ተነስቶ «ሞምባሳ ሄጄ ልዝናና» ቢል ቤተሰቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። (የባሕር በር ጉዳይ ለባለጉዳዮቹ ይቆየን። እኔ የማወራው ስለ ፎጣና ስለ ቁምጣ ነው።)

የሆነው ሆኖ ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴና የባለቤቴ አጎት ጋሼ። ጋሼ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ኅዳር ላይ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት በሚያድርበት አገር ያደጉ። ነገር ግን በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት ሾፌር ሆነው ምጽዋ ቆይተዋል። በመሆኑም በቤተሰባችን ውስጥ ባሕርን በተመለከተ ይግባኝ የሌለው ችሎት እሳቸው ናቸው። ይዘውት የመጡት ሻንጣ ሲከፈት ጋቢ፣ ካፖርት፣ አጎበር፣ በሶና ሚጥሚጣ ተገኘበት።

«ጋሼ፣ ሞምባሳ እኮ ቆላ ነው። ጋቢ ምን ያደርግልዎታል?» አለች ባለቤቴ።

«ቆላም ቢሆን ይመሻል» አሉ ጋሼ፤ ሻንጣውም ተዘጋ።

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ የሚወስደው ባቡር በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ነው። ቻይናዎች ናቸው የሠሩት፤ የእኛን የአዲስ አበባ–ጅቡቲን ያየ ሰው ወንበሩም ጣቢያውም ዓይኑን አያስደነግጠውም። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባቡሩ ይህን ሁሉ ከፍታ በ5 ሰዓት ገደማ ውስጥ ቀስ እያለ ያወርዳችኋል። ጻቮ ፓርክ ውስጥ ስንገባ ጋሼ በመስኮት እያዩ መቁጠር ጀመሩ።

«ይሄ ሁሉ ድልድይ ለየትኛው ወንዝ ነው?»

«ለወንዝ አይደለም፤ ለአውሬ ማለፊያ ነው። ቀጭኔ ሳይቀር አንገቱን ሳይሰብር እንዲያልፍ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው።»

ይህን ነገር ለረጅም ጊዜ አሰላሰሉት። እኔም ነገር ለመጨመር፣ የማሊንዲ ሰዎች በ1415 እ.ኤ.አ. ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት በመርከብ ቀጭኔ ገጸ በረከት ልከው እንደነበር አወራኋቸው። ቀጭኔዋ ቻይና ስትደርስ ጉድ ተብሎላታል።

«እና ቻይና አሁን ባቡር መለሰች» አሉ። «አንድ ቀጭኔ በአንድ ባቡር፤ ንግዱ መጥፎ አይደለም።»

«ባቡሩ ግን በብድር ነው ጋሼ።»

«እንዲያ ከሆነ ቀጭኔዋንም በብድር መስጠት ነበረባቸው።»

ቮይ በምትባል ጣቢያ ባቡሩ ቆመና ጥቂት ሰዎች ወረዱ። ከበስተቀኝ በኩል፣ ከዚያ ሁሉ ቀይ አፈርና እሾሃማ ቁጥቋጦ ወዲያ፣ ጫፉ ደመና የለበሰ ሰማያዊ ተራራ ቆሟል። «እዚያ ማን ይኖራል?» ብለው ጋሼ ጠየቁ። የሚያውቅ አልነበረም። የመጣነው ለባሕር ነውና ማናችንም ግድ አልሰጠንም፤ ባቡሩም ቁልቁል ቀጠለ።

ሞምባሳ ደሴት ናት። ከባቡሩ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ወበቁ ነው። ደገኛ ሙቀት የሚያውቀው በፀሐይ ነው፤ ጥላ ውስጥ ከገባ ነገሩ ያልቃል። የሞምባሳ ሙቀት ግን ጥላ ውስጥ ተከትሎ ይገባል፣ አብሮ ይቀመጣል፣ አብሮ ይተኛል። ጋሼ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምረው አጎበራቸው ውስጥ ገብተው ሚጢጢ ትንኝ በባትሪ ሲያሳድዱ ያመሹ ነበር። «ቆላ የገባ ሰው ወባን ከናቀ ያው ቀብሩን ማሰብ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ በዚያ ጠረፍ ወባ አለ፤ አጎበር ይዘው መምጣታቸው ላይ የሳቅነው ሁለታችን ቆየት ብለን አጎበር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞረናል።

አሮጌው ከተማ ውስጥ ግን ሁላችንም ተደስተናል። ፖርቹጋሎች በ1593 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመሩት ፎርት ጂሰስ የተባለው ምሽግ አፋፍ ላይ ተቀምጦ የወደቡን መግቢያ ይጠብቃል። ከምሽጉ ጀርባ መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ቅርጻ ቅርጽ በሞላባቸው በሮች መሐል ይጠፋል። አመሻሽ ላይ እዚያ መንገድ ዳር አንድ ቡና ሻጭ ይቀመጣል። ረጅም አንገት ያለው የናስ ጀበናው ከሥሩ የከሰል ማንደጃ ተገጥሞለታል፤ እሳትና ጀበና አንድ አካል ሆነው በአንድ እጅ ይንጠለጠላሉ። ስኒው ጆሮ የለውም፤ ቁመቱም ከእኛው ሲኒ አይበልጥም። ጋሼ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «ሰው አገር አይባልም» ብለው ተቀመጡ፣ ተቀበሉ፣ ፉት አሉ። ከዚያም ስኒውን ከአፋቸው አንስተው በጥርጣሬ አዩት።

«ዝንጅብል አለው» አሉ። «ምነው፣ ቡናው ጉንፋን ይዞታል እንዴ?»

ባለቤቴ በደብረ ብርሃን ቡና ላይ ጤና አዳም እንደሚጨመር፣ በሌላውም አገር ጨውና ቅቤ የሚጨምር ሰው እንዳለ አስታወሰቻቸው። «እሱ ሌላ ነው» አሉ። እንዴት ሌላ እንደሆነ ሳያብራሩ ሁለተኛውን ስኒ ጠየቁ። ከሁለተኛው ጋር ኮኮናት በስኳር ተጋግሮ የተቆረጠ ካሻታ የሚሉትን ጣፋጭ ሰጧቸው፤ ከዚያ በኋላ ዝንጅብሉ ስሙ አልተነሳም።

እንግዲህ አሁን ወደ ሰዓቱ ልግባ፤ ምክንያቱም እኔ ከዚህ ሁሉ ጉዞ እንደዚህ የገረመኝ የለም። ውጭ አገር የወጣ ኢትዮጵያዊ ኑሮው የሒሳብ ፈተና ነው። አውሮፕላን ጣቢያ፣ ሆቴል፣ ቀጠሮ፣ ሁሉም ቦታ 6 እየደመረና 6 እየቀነሰ ይኖራል። ስዋሂሊ ተናጋሪው ግን ቀኑን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ነው፤ ልክ እንደ እኛ። ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። የቢሮው ወረቀትና የባቡሩ ትኬት በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል፤ ሰው ሲያወራ ግን የሚያወራው በእኛው ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ኬንያና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነትም የላቸውም።

ከሞምባሳ ቀጥለን በሄድንባት ዋታሙ ላይ በነጋታው ልንጓዝ የተዋዋልነው ጀልበኛ ሦስት ጣቱን አሳይቶን «በሦስት ሰዓት» ሲለን እኔ በልማድ ስድስቱን ልደምር ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመርኩ። ጋሼ ከአዲስ አበባ ሲነሱ ጀምሮ ያልነኩትን፣ ቆዳ ማሠሪያው የተበላ የእጅ ሰዓታቸውን ዘረጉለት። ጀልበኛው ጎንበስ ብሎ ቆጣሪውን አየና አጭሩ ዘንግ ሦስት ላይ ሲደርስ ማለት መሆኑን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ጋሼ ቀና ብለው እንደ ዳኛ አዩኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዚህ አገር ትክክለኛ ሰዓት ያለው ሰው እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ለሆቴሉ ዘበኛም ሳይቀር አስረድተዋል።

ዋታሙ ከሞምባሳ ወደ ሰሜን ያለች፣ ነጭ አሸዋ የተነጠፈላት የዓሣ አጥማጆችና የቱሪስቶች መንደር ናት። ከማሊንዲ ጋር በ1968 እ.ኤ.አ. ባሕሯ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል። በደረስን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ለዓመታት በፎቶ ብቻ ያየነውን ሰማያዊ ውሃ ለመገናኘት ሁላችንም ፎጣ ይዘን ወረድን። ባለቤቴ ለዚህ ቀን ብላ የገዛችውን የዋና ልብስ ለብሳለች፤ ጋሼ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለዋል።

ባሕሩ የለም።

ፍጹም የለም አልልም፤ በጣም ሩቅ፣ ማዕበሉ ነጭ መስመር ሆኖ ከሚሰበርበት የኮራል አለት አጠገብ ይታያል። እኛ በቆምንበት ያሉት ግን እርጥብ አሸዋ፣ ጎድጓዳው ውስጥ የቀረ ውሃ፣ አረንጓዴ የባሕር ሣርና በጎናቸው የተጋደሙ ጀልባዎች ናቸው። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። አንድ ሰውዬ ቀጭን የብረት ዘንግ ይዞ በአለቱ ቀዳዳ ውስጥ እየጎረጎረ ይሄዳል፤ ጎንበስ ብሎ አንዴ ጎተተ፣ ስምንት እጅ ያለው ነገር ክንዱ ላይ ተጠመጠመ። ባለቤቴ ጮኸች። ሰውዬው ኦክቶፐሱን እንደ እርጥብ ካልሲ ገልብጦ ከረጢቱ ውስጥ ጨመረና ጉርጎራውን ቀጠለ።

ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የጎደለውን ባሕር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ምጽዋ ውስጥ» አሉ በመጨረሻ፣ «ባሕር ቦታውን ጥሎ አይሄድም ነበር። ዲሲፕሊን ነበረው።»

እውነታቸውን ነው፤ በምጽዋ በኩል የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ትንሽ ነው። በኬንያ ጠረፍ ግን ጨረቃ ስትሞላና ስትጨልም ልዩነቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ 3 ሜትር ቁመት ብዙ መቶ ሜትር ርቀት ይሆናል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ በየቀኑም 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። እኛ ለሆቴሉ የከፈልነው «ባሕር ፊት ለፊት» ለሚል ክፍል ነበር። ግማሹን ቀን ባሕር ፊት ለፊት፣ ግማሹን ቀን ጭቃ ፊት ለፊት ነው ብሎ የነገረን የለም። ዋጋው ግን አይጎድልም።

በማግስቱ ማለዳ ውሃው ሞልቶ የሆቴሉ አጥር ሥር መጥቷል። ባለቤቴ ገብታ ተንሳፈፈች። እኔ እስከ ደረቴ ገባሁና ሥራዬን እንደጨረስኩ ቆጠርኩት። ጋሼ ጥግ ላይ ቆመው በእጃቸው ውሃ ዘግነው ፊታቸውን ሦስት ጊዜ አማትበው ታጠቡ፤ በአቅራቢያቸው የነበረች ነጭ ሴትዮ ይህን የሆነ የጤና ዘዴ መስሏት ይመስለኛል፣ እሷም ሦስት ጊዜ ታጠበች።

ረቡዕ መጣ። ጋሼ ጾም አይሽሩም፤ ጠረፉ ደግሞ የዓሣ አገር ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር አንባቢ ከቤቱ ስለሚያውቀው አልከፍተውም፤ ጋሼ ከ«አይበላም» ወገን ናቸው። በሶው አልቋል። በረሃብ ሊያልቁ ነው ብለን ስንጨነቅ አንዲት ሴት ከሆቴሉ ውጭ በምታበስልበት ዳስ ውስጥ መዳኛ ተገኘ። ሴትዮዋ ዝቅ ባለች ጠፍጣፋ መቀመጫ ላይ ትቀመጣለች። ከመቀመጫዋ ጫፍ ጥርስ ያለው የብረት ምላስ ወደ ፊት ወጥቷል። ለሁለት የተከፈለውን ኮኮናት ምላሱ ላይ እያዞረች ትፍቀዋለች፣ ነጩ ፍርፋሪ ሳህን ላይ ይዘንባል። ከዚያ ውሃ አፍስሳበት በመዳፏ ታሸውና ስታጠልለው ወፍራም ነጭ ወተት ይወርዳል። የርግብ አተር በዚያ ተቀቅሎ ሲቀርብ ወጡ ቅቤ የገባበት ይመስላል።

ጋሼ ሳህኑን አዩ፣ ሽታውን ሳቡ፣ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄ ወተት ነው።»

«ጋሼ፣ ሲፋቅ አይተዋል እኮ! ዛፍ ነው!» አለች ባለቤቴ።

«ዛፍ መሆኑን አይቻለሁ። ሆዴ ግን አላየም፤ ሆዴ የሚያውቀው ወተት መሆኑን ነው።»

ረጅም ምክክር ተደረገ። ንስሐ አባታቸው ጋ ለመደወል ቢታሰብም ኔትወርኩ ደካማ ነበር። በመጨረሻ «ከላም ያልታለበ አያፈስክም» የሚል ውሳኔ በራሳቸው ሥልጣን አሳለፉ። የተወሰነው ከተበላ በኋላ ይሁን በፊት አሁን አላስታውስም። ከዚያ ወዲያ ጋሼ በዚህ ጠረፍ ጾም እንጂ ፍስክ አያምራቸውም ነበር፤ አርብን እንደ በዓል ይጠብቁት ጀመር።

ማሊንዲ የጣሊያን ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ጣሊያኖች መኖሪያ ቤት፣ ሆቴልና አይስክሬም ቤት ከፍተውባታል፤ ከእሷ በስተሰሜን ደግሞ ባሕር ውስጥ በቆመ መድረክ ላይ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳተላይት ያመጥቁ ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «አድዋ ላይ ወደ ፊት ሲያቅታቸው ወደ ላይ ሞከሩት» ብለው ነገሩን ዘጉ። በባሕር ዳር ዕቃ የሚሸጡት ልጆች ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ ጣሊያንኛ ይናገራሉ። አንዱ ልጅ ጋሼን ከሩቅ አይቶ «ቻው ፓፓ! ኮሜ ስታይ?» እያለ ተጠጋ። ጋሼ በጣሊያንኛ ሰላም ሲባሉ በጣሊያንኛ አለመመለስ ሽንፈት መሰላቸው። ችግሩ፣ ሾፌር ስለነበሩ የሚያውቁት ጣሊያንኛ ሁሉ መኪናው ውስጥ ነው ያለው።

«ፍሪሲዮን» አሉ በልበ ሙሉነት። «ካምቢዮ። ካንዴላ። ባሌስትራ።»

ልጁ በጥሞና ሰማ። ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀ፣ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገና እየሮጠ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ዘይት የነካው ቱታ የለበሰ መካኒክ ይዞ መጣ። መኪናችን የት እንደቆመ ጠየቁን። መኪና እንደሌለን ለማስረዳት ከፈጀው ጊዜ ይልቅ መካኒኩን ለመሸኘት የከፈልነው ገንዘብ ያስቆጫል።

እዚያው ማሊንዲ ከባሕሩ ገደል አፋፍ ላይ፣ ጫፉ መስቀል የሆነ ነጭ ዓምድ አለ፤ የቫስኮ ደ ጋማ ነው። ቫስኮ በ1498 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሶ የማሊንዲው ገዢ መርከብ መሪ ሰጥቶት ወደ ሕንድ ተሻገረ። ጋሼን ከዓምዱ ይልቅ የነካቸው የልጁ ነገር ነበር። የቫስኮ ልጅ ክሪስቶቮ ደ ጋማ በ1541 እ.ኤ.አ. 400 ያህል ወታደር ይዞ ምጽዋ ላይ ወርዶ፣ ለአፄ ገላውዴዎስ ሊያግዝ ወደ ደጋው ወጥቶ፣ በማግስቱ ዓመት በግራኝ አሕመድ እጅ ተገድሏል። «አባት ብልጥ ነበር» አሉ ጋሼ፣ «ድንጋዩን ተክሎ ቶሎ ሄደ። ልጁ ተራራ ወጣና ቀረ።» የታሪክ መምህራን እንዲህ አያስተምሩትም፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ አጭር ማጠቃለያ አልሰማሁም።

ላሙ አልሄድንም። የጥንት ከተማ ናት፣ መንገዷ ጠባብ ስለሆነ ዕቃ የሚጓጓዘው በአህያ ነው ተብሎ ሲነገራቸው ጋሼ እጃቸውን አወናጨፉ። በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ከሆነ አገር የመጣ ሰው አህያ ለማየት ባሕር አይሻገርም አሉ። በዚያው ሰሞን ሞምባሳ ንያሊ ባሕር ዳር ቱሪስት ገንዘብ ከፍሎ ግመል ላይ ሲወጣ አይተው ገና አልተጽናኑም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ባሕሩ ቶሎ ይጠገባል። ይህን የምለው ንቄው አይደለም፤ ማለዳ የሞላው ውሃ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ዓይንን ይይዛል። ነገር ግን ደገኛ ዓይኑ የሚያርፍበት ጉብታ ካላገኘ ቅር ይለዋል። ባሕር ዳር ቀኑን ሙሉ ተኝቶ መዋል ለፈረንጅ ዕረፍት ነው፤ ለእኛ ያው ሕመም ነው፣ ሰው መጥቶ «ምን ነካህ?» ሊለን ይገባል። ስንመለስ ባቡሩ ቮይ ሲቆም ጋሼ ማንንም ሳያማክሩ ሻንጣቸውን አንስተው ወረዱ። ተከትለን መውረድ ግድ ሆነ።

ያ ሰማያዊ ተራራ ታይታ ይባላል። ከቮይ ወደ ምዋታቴ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተጓዝን፤ በሜዳው ላይ የሲሳል እርሻ በመስመር በመስመር ተተክሏል። ከምዋታቴ በኋላ መንገዱ መጠምዘዝ ጀመረ፤ በየመታጠፊያው አንድ ልብስ የሚያስጨምር ቅዝቃዜ ይገጥማል። እኔ በካናቴራ ነኝ። ባለቤቴ የባሕር ዳር ቀሚስ ነው የለበሰችው። ጋሼ መጀመሪያ ካፖርቱን፣ ቀጥሎ ጋቢውን አወጡ። አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ያን ያህል ድል ያገኘ ሰው መናገር አያስፈልገውም።

ውንዳኒ የምትባለው ከተማ ተራራው ወገብ ላይ ናት። ዙሪያዋ እርከን ነው፤ ሙዝ፣ በቆሎ፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ የማካዳሚያ ዛፍ፣ በእርከኑ መሐል ደግሞ ግራጫ ግዙፍ አለት። ከሁሉም ከፍ ያለው የቩሪያ ጫፍ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ ነፋስ ሜዳውን አቋርጦ መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ ተራራ ጋር ስለሆነ ጉሙ አይጠፋም። ከጥንቱ ደን የቀረው ቁርጥራጭ ነው፤ ንጋንጋኦ፣ ምቦሎሎ፣ ቻዊያ። ሆኖም በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ ወፎች በእነዚህ ቁርጥራጮች ውስጥ ይኖራሉ፤ በየሳሎኑ መስኮት የሚቀመጠው የአፍሪካ ቫዮሌት አበባ አንድ ዘመድም በዱር የሚበቅለው እዚሁ ምቦሎሎ ነው። ወፍ ለማየት ከአውሮፓ የመጡ ሰዎች ጉም ውስጥ ባይነኩላር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመው አየን። የሚያዩት ነገር አልነበረም፤ ደስተኞች ግን ነበሩ።

ያደርንበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ ሴት አስተማሪ ናቸው። ማዕድ ቤታቸው ሦስት ጉልቻ አለበት፤ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። ጋሼ እዚያ ጭስ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ እሳቱ ሲዘረጉ፣ ከአዲስ አበባ ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እረፍተኛ ሰው ሆኑ። ሴትዮዋ ካሳቫ ከቦሎቄ ጋር ቀቅለው የፈጩትን ኪማንጋ አቀረቡ። ከዚያ የጋሼን ጋቢ ጥለት በሁለት ጣታቸው ይዘው ገለበጡት፣ ድሩን ቆጠሩት፣ ስፌቱን ፈተሹ። ማን እንደሸመነው ጠየቁ። ባለቤቴ እያስተረጎመች ስለ ፈትልና ስለ ሽመና ወሬው ደራ።

የሴትዮዋ ልጆች ሁሉም «ታች» ናቸው፤ አንዱ ወደብ፣ ሁለቱ ሆቴል ውስጥ። የሚመጡት ለገና ነው። እሳቸው ቁልቁል መውረድ ስለማይወዱ ስለ ባሕሩ ጠየቁ።

«ይሄዳል፣ ይመጣል» አሉ ጋሼ በአጭሩ።

«በስንት ጊዜው?»

«በቀን ሁለቴ።»

«ከልጆቼ ይሻላል» አሉ ሴትዮዋ።

በማግስቱ የአካባቢው አስጎብኚ አለት ሥር ወዳለ ዋሻ ወሰደን፤ የታይታ ሰዎች በጥንት ጊዜ የአባቶቻቸውን የራስ ቅል ከመቃብር አውጥተው በክብር የሚያስቀምጡበት ነው። ቅሎቹ በተርታ ተቀምጠዋል። ጋሼ አማተቡ። አስጎብኚው ልጅ የእንግዳውን ድንጋጤ ለምዶታልና ሊያረጋጋቸው ሞከረ። እሳቸው ግን ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ስላለው የምዕመናን አጽም ይነግሩት ጀመር፤ ከመካከላቸው የተደነቀው ልጁ ሆነ።

በገበያው ቀን ደግሞ መኪና ላይ ጎመንና ቲማቲም ሲጫን አየን። ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅን። ወደ ሞምባሳ፣ ኮንጎዌያ ገበያ፤ ከዚያም ወደ ሆቴሎቹ። ባሕር ዳር ሳህን ላይ ተነጥፎልን ዋጋው ያስደነገጠን ያ ሰላጣ እንግዲህ ከዚህ እርከን ወርዶ ነበር። ውሃውም ቢሆን እንዲሁ ነው። የቺዩሉ ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ በእሳተ ገሞራው ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ በጻቮ ምዕራብ፣ ምዚማ ላይ ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል፤ ከዚያ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ ሞምባሳ ይገባል። ባሕሩ ለተራራው ደመና ይልካል፤ ተራራው ለባሕሩ ሰው ውሃ፣ ጎመንና ልጆቹን ይልካል። ፎቶ የሚነሳው ግን ባሕሩ ብቻ ነው፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። ይህ አድልዎ ነው እላለሁ፤ ደገኛ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም።

ጋሼ ግን ሌላ ቅሬታ ነበራቸው። ሁለተኛው ቀን ላይ በረንዳው ላይ ቆመው እርከኑን፣ ጉሙን፣ ከየጎጆው የሚወጣውን ጭስ ሲያዩ ቆዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ እኮ ደብረ ብርሃን ነው» አሉ። «ለዚህ ነው አውሮፕላን የተከፈለው?»

ወደ ቮይ የሚወርደው ማታቱ ሲመጣ ግን ሊሳፈሩ እምቢ ብለው፣ ለማግስቱ አስተላለፉት።

ወደ ሞምባሳ የምታስቡ ካላችሁ እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ትኬት ስትቆርጡ ፓስፖርት ያዙ። ከናይሮቢ ጠዋት በሁለት ሰዓት የሚነሳውን፣ በየጣቢያው የሚቆመውን ባቡር ምረጡ። ከባሕሩ በፊትም ሆነ በኋላ ቮይ ላይ ውረዱ፤ ከዚያ ወደ ውንዳኒ መኪና አይጠፋም። ሹራብ ግን ያዙ፤ እዚያ ላይ ጋቢ የሚያውስ ዘመድ የላችሁም።